የሽማግሌው ማጠናከሪያ

እኔ ነገር ቶሎ የሚያሞቀኝ ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ክፍልፋይ ሲገባው ጠመኔዬን ጥዬ የማጨበጭብ አስተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ በዚያ ዓመት መስቀል ሲቃረብ አንድ ያረጀ ውሻ የማስከተብ ጉዳይ እንቅልፍ ነሳኝ ብል የሚያውቁኝ አይገረሙም። እንቅልፍ የነሳኝ ደግሞ ጭንቀት ብቻ አልነበረም፤ ደስታም ነበረበት።

ቡታጅራ ነው፤ ባጃጅ ገና ወደ ከተማው በገባበት፣ ሞባይል የገዛ ሰው ቁጥሩን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም በሚያድልበት ሰሞን። አባቴ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ወርክሾፕ ነበረው። እናታችን ካረፈች ወዲህ እሱና እኔ ከወርክሾፑ ጀርባ ባለው ቤት አብረን እንኖር ነበር። ሦስተኛው ነዋሪ ውሻችን ነው። ስም ነበረው፤ ካረጀ በኋላ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ "ሽማግሌው" ሲለው የድሮ ስሙ ተረሳ። አፉ ዙሪያ ሸብቷል፣ አንድ ጆሮው አይሰማም፣ ጠዋት ጠዋት የኋላ እግሮቹ እሺ እስኪሉት ድረስ ይንገዳገዳል። የብየዳ ብልጭታ አጠገቡ ሲዘንብ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል። እንግዳ ሰው በሩን ሲነካ ግን በየትኛው ጆሮው እንደሚሰማ እንጃ፣ ቀድሞን ተነስቶ ይቆማል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ያበደ ውሻ መናኸሪያው አካባቢ ሰው ነከሰ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ከተማውን እየዞረ ማስታወቂያ አሰማ። ውሻ ያለው ሰው ከመስቀል በፊት ያስከትብ፤ ለተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል፤ ቀይ ጨርቅ የሌለው ይወገዳል። "ይወገዳል" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ መርዝ የገባበት ሥጋ መንገድ ላይ ይጣልለታል ማለት ነው። የእኛ ሽማግሌ ደግሞ ጠዋት ሲንገዳገድ ላየው ሰው፣ ስለ ጨርቅ ሳይጠየቅ በፊት ያበደ የሚመስል ውሻ ነበር።

ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ታላቅ እህቴ ደወለች። ካገባች ወዲህ መስቀልን እኛ ጋ አክብራ አታውቅም። የባሏ ቤተሰቦች ጉንችሬ ናቸው፤ ወጉም ሚስት ወደ ባሏ አገር እንድትሄድ ስለሆነ በየዓመቱ በቡታጅራ ሳይሆን በወልቂጤ በኩል ነበር የምታልፈው። በዚያ ዓመት ግን ባልየውን አሳምና፣ ሁለት ዓመት ያለፋትን ልጇን ይዛ ልትመጣልን ቃል ገብታለች። አባቴ የልጅ ልጁን ያያት አንዴ ብቻ፣ አራስ እያለች ነው። መምጣቷን ከሰማ ጀምሮ የቤቱን በር ቀለም ቀብቶ፣ እንደገና ፍቆ፣ ሌላ ቀለም ቀብቶ ነበር።

"ውሻው ተከትቧል?" አለችኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ።

"ተከትቧል።"

"መቼ?"

"ጎረምሳ እያለ።"

"ስሚኝ እህቴ፣ ወይ አስከትቡት ወይ ለሚወስደው ስጡት። ያበደ ውሻ ባለበት ከተማ፣ ያልተከተበ ውሻ ያለበት ግቢ ልጄን ይዤ አልገባም። ካልሆነ ጉንችሬ እሄዳለሁ" አለች።

ያረጀ ውሻ የሚወስድ ሰው እንደሌለ እሷም ታውቃለች። አልፈረድኩባትም፤ እናት ናት። ግን በአንድ በኩል የአባቴ መስቀል፣ በሌላ በኩል የሽማግሌው ነፍስ በአንድ መርፌ ላይ መንጠልጠላቸው ገባኝ።

እህቴ መቼም የጀመረችውን ነገር ሳትጨርስ አትተውም። አዲስ አበባ ያለችው ጎረቤቷ የፈረንጅ ዘር ውሻ አላት፤ ሐኪም ቤቷ ድረስ እየመጣ ያክምላታል። ከእሷ የሰማችውን የክትባት ዓይነት ሁሉ በስልክ ትነግረኝ ጀመር። የቆምኩት ወርክሾፑ ውስጥ ስለነበር የአባቴን ጠመኔ አንስቼ ግድግዳው ላይ በተደገፈ ላሜራ ላይ መጻፍ ያዝኩ። የእብድ ውሻ በሽታ። አምስት በሽታ ባንድ ጊዜ የሚከላከል። የሳል። በአይጥ ሽንት የሚመጣው። "ሁሉም በየዓመቱ ነው" ብላ ዘጋች።

አባቴ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ላሜራውን አነበበ።

"ይሄ ሁሉ ለማን ነው?"

"ለሽማግሌው።"

"ለየትኛው?" አለ። እሱም ሽማግሌ ነውና።

ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጉዳዩ ለሸንጎ ቀረበ። ሸንጎው አባቴና በርበሬ ነጋዴው ጎረቤታችን ናቸው። ጎረቤታችን የእንሴኖ ሰው ናቸው፤ ሐጂ ነው የምንላቸው። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ይገባሉ፣ መስቀልን በአገሩ ወግ የሚያከብረው ጴንጤው አባቴ "ወአለይኩም ሰላም" ይላል፣ የውሻው ምራቅ እንዳይነካቸው ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጥግ ይይዛሉ። ምራቁን ይሽሹ እንጂ አጥንት ከቤታቸው ሲተርፍ በፌስታል ይዘውለት የሚመጡት እሳቸው ነበሩ።

ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ የድሮ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አለ።

"ይቺን ታያለሽ የኔ ልጅ? ልጅ ሆኜ ነው የከተቡኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ፈንጣጣ ደጄን አልረገጠም። አንዴ የገባ ክትባት አይወጣም። ይሄም ውሻ አንዴ ገብቶለታል፣ አልሐምዱሊላህ፣ በቃው።"

አባቴም ክንዱን ገልጦ የራሱን ጠባሳ አሳየኝ። ሁለት ሽማግሌ ክንዳቸውን አሰልፈው ሲከራከሩኝ ምን ልበል? "ክትባት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ያለው ማነው?" አልኩ፤ አንድ ዓይነት ይሁን አይሁን ግን እኔም አላውቅም ነበር።

"ደግሞስ ቢሆን፣" አለ አባቴ፣ "ስንት ቀን ሊቀረው ነው? ለልጅ ቡችላ የሚሆነውን መድኃኒት ለዚህ ማባከን ነው። ምናልባትም መርፌው ራሱ ይገድለዋል።"

ይሄን ሲል ውሻው ጫማው ላይ አገጩን አሳርፎ ተኝቷል። ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ የምሠራውን አላጣም። ክትባቱ በሚሰጥበት የመጀመሪያ ቀን ልወስደው ቆረጥኩ፤ ላሜራው ላይ ከተጻፈው ውስጥ የትኛው እንደሚያስፈልገው፣ ሐጂ እንዳሉት አንዴ ይበቃው እንደሆነ፣ ዕድሜውም ይችለው እንደሆነ የተማረ ሰው ይንገረኝ።

ውሻችን በሕይወቱ ታስሮ አያውቅም። በዚያ እግሩ ከተማውን አቋርጦ መሄድም አይችልም። የድሮ ተማሪዬ የነበረ የባጃጅ ሹፌር ጋ ደውዬ "ክሊኒክ የምታደርስልኝ ሽማግሌ አለ፣ እግራቸውን ያማቸዋል" አልኩት። ደግ ልጅ ነው፤ ወንበሩን ወልውሎ፣ ፎጣ አንጥፎበት መጣ።

"የት አሉ አባባ?"

አሳየሁት።

"ቲቸር፣ ሙድ እየያዙብኝ ነው?"

"ሽማግሌ አይደለም እንዴ? ሽበቱን እየው እስቲ።"

ጎንበስ ብሎ አየው። "እሱስ ነው" አለና ፎጣውን አንስቶ በማዳበሪያ ቀየረው።

ውሻው ግን ወይ ፍንክች። ባጃጇ ስትንተከተክ አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። በዳቦ አባበልነው፣ ከኋላ ገፋነው፣ ሹፌሩ ሊያቅፈው ሞክሮ ሸሚዙን አቆሸሸ። ጩኸታችንን ሰምቶ አባቴ መጣ፤ እጁ ላይ ጓንቱ እንዳለ ነው። "አታውኩት" አለና ባጃጇ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ውሻው ወዲያው ተከትሎት ገባና ጭኑ ላይ ጭንቅላቱን ጣለ። አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ውሻውን አየ። "እንግዲህ ገብቻለሁ፤ ንዳው" አለ። ደስታዬን ደብቄ ከጎናቸው ተጣበብኩ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ የዚያን ቀን የነበረውን ነገር ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም እስቃለሁ። የአገራችን ውሻ ሰው ይዞት መሄድ አያውቅም፤ ሰዉም ውሻ ይዞ መሄድ አያውቅም። ሁሉም ያገኘውን ይዞ ነው የመጣው። በበሬ ገመድ የታሰረ አለ፣ በሱሪ ቀበቶ የታሰረ አለ፣ አንዱ ጆንያ ውስጥ ሆኖ ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል። ከቡኢ በኩል የመጣውን አንድ ገበሬ ውሻው አጥሩን ሁለት ጊዜ አዞረው፤ ማን ማንን እንዳመጣ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ሴቶቹ በሳቅ ይንከተከታሉ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል አባቴ ከባጃጅ ወርዶ፣ ውሻው ያለ ገመድ ከኋላው እየተንገዳገደ ገባ።

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ሰው ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። "ይሄ ውሻ ይንገዳገዳል" አለ አንዱ። "አብዷል" የሚለውን ቃል ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ግን ሲሽሎከሎክ ሰማሁት። ከተጠረጠረ ከዚያ ግቢ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ያመጣሁትም እኔው ነኝ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ነጭ ገዋኗ ላይ የውሾች የጭቃ ዱካ ታትሟል። ሰዉን ዞር አደረገችና ሳትነካው ከሩቅ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"መንገዳገዱን መቼ ጀመረው አባባ?"

"ከሁለት ክረምት በፊት ነው ልጄ። ጠዋት ነው የሚብስበት፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይተወዋል። እንደኔው ነው።"

"ሌላ ውሻ ነክሶታል? ጠባዩ ተለውጧል? ይበላል?"

"ከግቢ አይወጣም። ጠባዩ ያው ነው። መብላቱንስ ጎረቤቴን ሐጂን ጠይቂ።"

በጣሳ ውሃ አስመጣች። ሽማግሌው ጣሳውን ግጥም አድርጎ ጠጣና ሌላ አምጡ የሚል ይመስል አንጋጦ አያት። ሕዝቡ ተነፈሰ። እሷ ግን ውሃ መጠጣቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም ብላ ቀጠለች፤ ዳሌውን ዳሰሰች፣ ሙቀቱን ለካች፣ ልቡን አዳመጠች፣ ድዱን ገልጣ አየች። የምታዳምጠው የእኔን ልብ ቢሆን ኖሮ ጆሮዋ ይደነቁር ነበር።

"የመገጣጠሚያ ሕመም ነው" አለች በመጨረሻ። "ትኩሳት የለውም፣ ልቡም ደህና ነው። ታሞ ቢሆን ኖሮ እስኪሻለው እንጠብቅ ነበር። እርጅና ግን በሽታ አይደለም፤ አርጅቷል ብለን ክትባት አንከለክለውም። ስንት ዓመቱ ነው?"

"የዚህች የማትሪክ ውጤት የመጣ ዓመት ነው ያመጣሁት" አለ አባቴ ወደ እኔ እያመለከተ። ሐኪሟ ዕድሜዬን በዓይኗ ገምታ ፈገግ አለች። ጎረምሳ እያለ የተወጋው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መሆኑንም ነገርኳት።

"ጥሩ። የእብድ ውሻውን ዛሬ እሰጠዋለሁ። የዛሬ ዓመት ደግሞ ማጠናከሪያ ይወስዳል።"

እኔን ሳቅ አፈነኝ። ማጠናከሪያ ማለት ለእኔ ክረምት ክረምት ለደከሙ ተማሪዎች የማስተምረው ትምህርት ነው፤ ሽማግሌው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ደብተር ዘርግቶ ታየኝ። ወደ አባቴ ዞር ስል ግን እሱ አልሳቀም። ፊቱ በርቷል።

"ማጠናከሪያ ነው ያልሽው ዶክተር?"

"አዎ አባባ። ድሮ የተወጋው..."

"ቆይ፣ ቆይ። ገብቶኛል።" ጓንቱን አውልቆ በእጁ አየሩ ላይ በር ሠራ። "ትልቅ የግቢ በር ሠርተሽ ሰቀልሽ እንበል። አዲስ እያለ ራሱን ይሸከማል። ሲቆይ ግን በክብደቱ ይዘምማል፤ መቀርቀሪያው ከጉድጓዱ ይርቃል። ብየዳው ጠፍቶ አይደለም፤ አለ፣ ግን ደክሟል። ያን ጊዜ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ብረት ተጋድሞ ይበየድበታል። እሱን ነው ማጠናከሪያ የምንለው። እና ማጠናከሪያ የሚያስፈልገው ለየትኛው በር ነው? ለአሮጌው ነው!"

"እንዲያውም ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም" አለች ሐኪሟ።

አባቴ ሲሞቀው እኔን ነው፤ ወይም እኔ ሲሞቀኝ እሱን ነኝ። ላሜራው ላይ የነበረውን ሁሉ በቃሉ ያዘው ኖሮ ይደረድርላት ገባ። አምስት በአንዱንም፣ የሳሉንም፣ የአይጡንም ስጪው፤ ዓመትም ሩቅ ነው፣ በየስድስት ወሩ ይሁን አለ። ከመቼው!

"በር ላይ ማጠናከሪያ ሲበዛስ አባባ?" አለችው።

አሰበ። "ይከብዳል። ማጠፊያውን ይገነጥለዋል" አለ ቀስ ብሎ።

"ለእሱም የማያስፈልገውን መርፌ አንወጋውም።" ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችን፤ እኔም እንደ ተማሪ አፌን ከፍቼ ሰማሁ። አምስት በአንዱ በዋናነት ቡችላ የሚጨርሱ በሽታዎችን የሚከላከል ነው፤ በወጉ የተከተበ ትልቅ ውሻ ለዓመታት ይቆይለታል እንጂ በየዓመቱ አያስፈልገውም። የእኛ ግን ያን ክትባት ስላላገኘ ቢወስደው አይጠላም፤ እነሱ ጋ ስለሌለ አንድ ቀን ሲገኝ ይታሰብበታል። የሳሉ ውሾች ተሰብስበው ለሚያድሩበት ቦታ ነው፤ የእኛ ሽማግሌ የሚያድረው ከአባቴ ጋር ነው። የአይጡ ቶሎ ስለሚያልፍ በየዓመቱ የሚደገም ነው፤ እሱም እዚህ አይገኝም፤ እስከዚያው ግን ወርክሾፑ ጀርባ የሚጠራቀመውን ውሃ አድርቁ፣ አይጡንም አጥፉ አለችን። የእብድ ውሻው ብቻ ነው የማይታለፈው፤ በሽታው ከተማው ውስጥ ነው፣ ሰውም ይገድላል፣ እሷ የያዘችው ክትባትም በየዓመቱ መታደስ አለበት።

ስለ ሐጂ ጠባሳ ሳልጠይቃት አልወጣሁም።

"የፈንጣጣው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ነው፤ በሽታውም ከዓለም ጠፍቷል" አለች። "ይሄኛው በሽታ ግን መናኸሪያው ጋ ነው ያለው።"

መርፌውን ወጋችው። ዞሮ እንኳ አላየም። አንገቱ ላይ ቀዩን ጨርቅ ስታስርለት ግን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የሠርግ ሽማግሌ መሰለ። አባቴ ባጃጁን አሰናብቶ በእግር እንሂድ አለ፤ ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር የውሻውም እግር ተፍታትቷል። ዋናውን መንገድ ይዘን ስንወርድ የጠየቀንንም ያልጠየቀንንም ሰው እያስቆመ ስለ ማጠናከሪያ አስረዳ። በሳምንቱ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ እርስ በእርስ ይንሾካሾካሉ፤ "ቲቸር ውሻቸውን ማጠናከሪያ አስገቡት" እየተባለ ነው። ሐጂም አጥብቀው ከተከራከሩን በኋላ በሚቀጥለው ገበያ ቀን የበርበሬ መጋዘናቸውን የሚጠብቁትን ሁለት ውሾች በረጅም ገመድ፣ እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው፣ ወደ ክሊኒኩ ሲጎትቱ ታዩ።

እህቴ ለመስቀል መጣች። ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያየችው ቀዩን ጨርቅ ነው። አባቴ የልጅ ልጁን እንኳ በወጉ ሳይስም ትምህርቱን ጀመረ፤ ይሄን ወሰደ፣ ያኛው በዚህ ምክንያት ቀረ፣ ያኛው ሲገኝ ይታያል። እህቴ አፋጥጣ ጠየቀችው፣ አንዱንም ሳይስት መለሰላት። ልጅቷን ከእቅፏ አወረደቻት። ልጅቷ ደግሞ ቀጥታ ሄዳ ጨርቁን ያዘች። ውሻው ታገሳት።

"የዛሬ ዓመት ማጠናከሪያ አለው" አለ አባቴ ሲያጠቃልል።

እህቴ ሳቀች። ክፋት አልነበረበትም። "አባዬ፣ ይሄ ውሻ እስከ ከርሞ የሚቆይ ይመስልሃል?"

አባቴ የልጅቷን እጅ ከጨርቁ ላይ በቀስታ እያላቀቀ ነበር። ቀና አላለም።

"እሱን አላውቅም ልጄ። እኔም መቆየቴን አላውቅም። አንቺ ግን ስትሄጂ 'ለከርሞ ያድርሰን' ብለሽ ነው የምትሰናበቺኝ።"

እህቴ ፊቷን አዙራ ሻንጣዋን መፍታት ጀመረች፤ ከሻንጣው ግን ምንም አላወጣችም። እኔም ልጅቷን አንስቼ ሳምኳት። ከዚያ በዓሉ መጣ፤ ክትፎው ተበላ፣ ደመራው ነደደ፣ አባቴ የልጅ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ሰፈሩን ዞረ፤ በደስታ ያሳለፍነው መስቀል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ተራው የጉንችሬ ነበር። እህቴ እንደማትመጣ አስቀድማ ነግራናለች፤ እኛም ተቀብለነዋል። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት፣ የማጠናከሪያው ቀን ደርሶ፣ ባጃጁን እየጠበቅን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው ቀድሞን ተነሳ፤ ተንገዳገደ፣ ቆመ። ከፈትኩት። እህቴ ልጇን በእጇ ይዛ ቆማለች፤ ከአዲስ አበባ በጠዋቱ አውቶቡስ ነው የመጣችው፤ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ከደስታዬ የተነሳ ግቢ ማለቱን ረሳሁና ጮክ ብዬ አባቴን ጠራሁት።

"ማጠናከሪያው ዛሬ አይደል?" አለች፣ አባታችንን እያየች።